እያወቀ አፉ ለሚያዝበት ተማሪ፦ እንግሊዝኛን አቀላጥፎ እንዲናገር የመርዳት ዝርዝር መመሪያ

አንድ ዓይነት ተማሪ አለ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስጡት፣ አንብቦ ይረዳል። የሰዋስው ፈተና ስጡት፣ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ፊልም ሲያይም ብዙውን ይከታተላል። "ትናንት ምን ሠራህ?" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጠይቁት ግን አፉ ይያዛል። "አይ..." ይላል። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "አይ ጎ... አይ ዌንት..." ይልና ፈገግ ብሎ ዝም ይላል።

ይህን ተማሪ ብዙዎቻችን የምንረዳው በተሳሳተ መንገድ ነው። ሌላ የሰዋስው ትምህርት እንጨምርለታለን። ተጨማሪ ቃላት እናሸመድደዋለን። እሱ ግን የጎደለው እውቀት አይደለም። ያቃተው ያለውን እውቀት ቶሎ ማውጣት ነው። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን በቅጽበት አውጥቶ መናገር ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው የራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

ቪለም ሌቨልት የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳብራራው፣ ሰው ሲናገር ሦስት ሥራ ይሠራል። የሚለውን ያስባል። ለሐሳቡ ቃልና ዓረፍተ ነገር ያበጃል። ከዚያ በአፉ ያወጣዋል። አፋችንን በፈታንበት ቋንቋ ሦስቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱን እየተናገርን ቀጣዩን እናስባለን። ተማሪው ግን ጉልበቱን ሁሉ ሁለተኛው ሥራ ላይ ይጨርሳል። ቃሉን ሲፈልግ፣ ግሡን ሲያስተካክል ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያ ረጅም ዝምታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ይህ መመሪያ ለመምህራን፣ በግል ለሚያስጠኑ፣ ወንድምና እህታቸውን ወይም ጓደኛቸውን ለሚረዱ ሁሉ ነው። እናንተ ራሳችሁ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የምታንቆረቁሩ መሆን አይጠበቅባችሁም። ሰዓት መያዝ፣ ከልብ ማዳመጥ እና በቦታው ዝም ማለት ከቻላችሁ ብዙ መርዳት ትችላላችሁ። ከሦስቱ ከባዱ ዝም ማለቱ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ደቂቃ ቅረጹና አዳምጡ

ከምንም በፊት ተማሪው የት ጋ እንደሚቆም እወቁ። ሞባይላችሁን አውጡ። የሚያውቀውን ቀላል ርዕስ ስጡት፦ ሥራው፣ ቤተሰቡ፣ ያደገበት ቦታ። ሠላሳ ሰከንድ ያስብ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ያውራ፣ እናንተ ቅረጹ። ምንም አታርሙ። ምንም አትጠይቁ።

ቀረጻውን በኋላ ለብቻችሁ ሆናችሁ ሁለት ጊዜ ስሙት። በመጀመሪያው በደቂቃ ስንት ቃል እንደተናገረ ቁጠሩ። በሁለተኛው የቆመባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ። ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ሁላችንም ስናወራ እንቆማለን። ግን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በአብዛኛው የሚቆመው ሐሳቡን ጨርሶ ወደ ሌላ ሐሳብ ሲሻገር ነው። ተማሪ ግን ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቆማል። ጆሮ የሚረብሸው ይህኛው ነው እንጂ ዝግ ብሎ መናገር በራሱ ችግር የለውም።

የቆመበት ቦታ ችግሩን ይነግራችኋል። ከስም ወይም ከቅጽል በፊት ከቆመ ቃሉ አልመጣለትም ማለት ነው። እየተመለሰ "ሺ ቴል... ሺ ቶልድ... ሺ ሃድ ቶልድ" የሚል ከሆነ ስህተት ፈርቷል። ሐሳብ ጨርሶ "ሌላ ምን ልበል?" የሚል ከሆነ ርዕሱ አልተመቸውም፤ ርዕስ ቀይሩለት።

አማርኛ ተናጋሪዎች ላይ በጣም የሚታየው ደግሞ ከ"አይ" ወይም ከ"ማይ ፍሬንድ" ቀጥሎ መቆም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። "ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ፊልም..." እያልን "አየሁ" እስክንል ድረስ ጊዜ አለን። እንግሊዝኛ ይህን ጊዜ አይሰጥም፤ ባለቤቱን እንደጠራን ወዲያው ግሡን ይጠይቀናል። በአማርኛ አስቦ የሚተረጉም ተማሪ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ገልብጦ ሳይጨርስ ሁለተኛዋን ቃል ማውጣት አይችልም። "አትተርጉም" ብሎ መምከር ብቻውን አይረዳውም። የሚረዳው ባለቤቱና ግሡ ተጣብቀው አብረው እንዲወጡ ማለማመድ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

ይህን የመጀመሪያ ቀረጻ አታጥፉት። በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ የመናገሪያውን ሰዓት ከትምህርቱ ሰዓት ለዩ

አዲስ ነገር መማርና የተማሩትን ማፍጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ አይደባለቁም። ብዙ ክፍል ውስጥ "የስፒኪንግ ሰዓት" ተብሎ የሚጀመረው ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሰዋስው ሰዓት ይሆናል። ተማሪው አንድ ነገር ይሳሳታል፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፣ አለቀ።

ኒውዚላንዳዊው የቋንቋ ትምህርት ምሁር ፖል ኔሽን አንድ የቋንቋ ኮርስ አራት እኩል ክፍሎች እንዲኖሩት ይመክራል። አንዱ እየሰሙና እያነበቡ መማር ነው። ሁለተኛው እየተናገሩና እየጻፉ መማር። ሦስተኛው ቋንቋውን ራሱን፣ ማለትም ሰዋስውን፣ ቃላትንና አነባበብን ማጥናት። አራተኛው የሚያውቁትን በፍጥነት መጠቀም። ይህ አራተኛው ሩብ ነው እኛ ጋ ጭራሽ የማይታየው። አብዛኛው ተማሪ ዓመታት የሚያሳልፈው ሦስተኛው ላይ ነው።

ለዚህ አራተኛ ሩብ ሁኔታዎቹ እነዚህ ናቸው። ርዕሱ የታወቀ ይሁን። አዲስ ቃልና አዲስ የሰዋስው ሕግ አይግባ። ተማሪው ለሚሰማው ሰው እውነተኛ መልእክት ያስተላልፍ። ከተለመደው ትንሽ ፈጠን እንዲል የሚገፋው ነገር ይኑር። ብዙም ያውራ። ርዕሱ "ቀለለ" ብላችሁ አትፍሩ። መቅለል አለበት። የዓለም ኢኮኖሚን በማያውቃቸው ቃላት እንዲተነትን የተጠየቀ ተማሪ የሚለማመደው መንተባተብን ነው።

ደረጃ 3፦ ቃል ሳይሆን ሐረግ ስጡ

አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከዜሮ አይሠራም። አብዛኛውን ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ሐረግ ያነሳል። "አይ ዩዝድ ቱ"፣ "ኢት ዲፔንድስ ኦን"፣ "ኢት ቱክ ሚ ኤ ሎንግ ታይም ቱ"፣ "ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት"። እነዚህ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ቃል ነው የሚወጡት። ተማሪው ሦስት ወይም አራት ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲያወጣ ቀጣዩን የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። ከ"አይ" ቀጥሎ የሚመጣው ዝምታም ይጠፋል፤ "አይ ሃድ ቱ"፣ "አይ ዎዝ ጎይንግ ቱ"፣ "አይ ዲድንት ኖው ሃው ቱ" ውስጥ ግሡ አብሮ ገብቷልና።

ሃምሳ ሐረግ ጽፋችሁ አትስጡት። ለሳምንቱ አምስት ይበቃል። አምስቱን የምትመርጡት ደግሞ ከቀረጻው ነው። ተማሪው ታሪክ ሲያወራ "ኤንድ... ኤንድ... ኤንድ" ብቻ የሚል ከሆነ "አፍተር ዛት"፣ "ኢን ዘ ኤንድ"፣ "ዛትስ ኋይ" ስጡት። ሐሳቡን ሲገልጽ የሚቸገር ከሆነ "ዋት አይ ሚን ኢዝ" እና "ፎር ኤግዛምፕል" ይርዱት።

አሰጣጡም እንዲህ ነው። ሐረጉን እናንተ በራሳችሁ እውነተኛ ታሪክ ውስጥ ተጠቀሙበት። እሱ ደግሞ ስለ ራሱ ሦስት እውነተኛ ዓረፍተ ነገሮች ይናገርበት። በልጅነቱ ያደርገው የነበረውን ሦስት ነገር በ"አይ ዩዝድ ቱ" ይንገራችሁ። ከዚያ ፍጠኑ፦ እናንተ ርዕስ ትጠራላችሁ፣ "ምግብ"፣ "ትምህርት ቤት"፣ "እንቅልፍ"፣ እሱ ወዲያው በሐረጉ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሐረጉ ሳያስብ ሲወጣ ወደ ሌላው እለፉ።

ጊዜ መግዣ ሐረጎች የተለየ ትኩረት ይገባቸዋል። "ሌት ሚ ቲንክ"፣ "ዌል"፣ "ሃው ዱ አይ ሴይ ዚስ"፣ "አይ ካንት ሪሜምበር ዘ ዎርድ፣ በት ኢትስ ላይክ..."። ተማሪ ቃል ሲጠፋበት በአማርኛ "እ... ምን ነበር..." ይላል ወይም ድርግም ይላል። በእነዚህ ሐረጎች ግን ንግግሩ ሳይቋረጥ ያስባል። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው እንኳን በአማርኛ ሲያወራ "ማለቴ"፣ "ምን መሰለህ"፣ "እንግዲህ" ሳይል ሁለት ደቂቃ አያወራም። ይህ ድክመት አይደለም፤ የንግግር አካል ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አስተምሯቸው።

ደረጃ 4፦ 4፣ 3፣ 2

አንድ ልምምድ ብቻ መርጣችሁ አድርጉ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ኪት ሞሪስ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው፣ በኋላም ኔሽን ያስፋፋው ነው። ተማሪው አንድን ርዕስ ለአንድ ሰው ለ4 ደቂቃ ያወራል። ያንኑ ርዕስ ለሌላ ሰው ለ3 ደቂቃ ይደግመዋል። ከዚያ ለሦስተኛ ሰው በ2 ደቂቃ ይነግረዋል። ታሪኩ አይቀየርም፤ የሚያጥረው ጊዜው ነው።

ቀላል ይመስላል። ግን ውስጡ ብዙ ነገር አለ። በመጀመሪያው ዙር ተማሪው ሐሳቡንም ቃሉንም ይፈልጋል። በሁለተኛው ሐሳቡ ተገኝቷል፤ የቀረው ማውጣት ነው። በሦስተኛው ሰዓቱ ይገፋዋልና የማይረባውን ዝምታ ይጥላል። አድማጩ አዲስ ስለሆነ መደጋገሙ አይሰለችም፤ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

በቅርበት ላሳያችሁ። አንዲት የማስተምራት ነርስ ሥራ የጀመረችበትን የመጀመሪያ ቀን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። የመጀመሪያው ዙር አጀማመሯ እንዲህ ነበር፦ "ማይ ፈርስት ደይ... ኧ... አይ ዎዝ... ቬሪ... ኧ... አፍሬይድ። ቢኮዝ ዘ ሄድ ነርስ... ሺ ቴል... ሺ ቶልድ ሚ... ዩ ዎርክ... አሎን።" ተቀምጣ የነበረችው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፤ እጇ ቃሉን ከአየር ላይ እንደሚለቅም ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ከጎን ክፍል ለጠራኋት ሌላ ተማሪ ስትነግራት፣ ያው አጀማመር እንዲህ ወጣ፦ "ኦን ማይ ፈርስት ደይ አይ ዎዝ ቬሪ አፍሬይድ ቢኮዝ ዘ ሄድ ነርስ ቶልድ ሚ ቱ ዎርክ አሎን።" በአንድ ትንፋሽ። በመሃል አንድም አዲስ ቃል አላስተማርኳትም። "ቶልድ ሚ ቱ" ያለችውንም ማንም አላረመላትም። ከራሷ ነው የወጣው። "መምህር፣ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት?" አለችኝ።

"አንድን ታሪክ ደጋግሞ መናገር ለሌላ ታሪክ ምን ይጠቅማል?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኔል ደ ዮንግና ቻርልስ ፐርፌቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸዋል። አንዱ ቡድን ያንኑ ርዕስ እየደገመ፣ ሌላው በየዙሩ አዲስ ርዕስ እየተሰጠው በ4፣ 3፣ 2 ተለማመደ። በልምምዱ ወቅት ሁለቱም ፈጠኑ። ከልምምዱ በኋላ በአዲስ ርዕስ ሲፈተኑ ግን መሻሻሉን ይዘው የተገኙት የደገሙት ናቸው። ስለዚህ "ይህን እኮ ተናግሮታል" ብላችሁ ርዕስ ለመቀየር አትቸኩሉ።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ነገር ልጨምር። 4 ደቂቃ ለጀማሪ ብዙ ነው፤ በ2 ደቂቃ ጀምሩና 1 ተኩል፣ ከዚያ 1 አድርጉት። መካከለኛ ደረጃ ላሉት 3፣ 2፣ 1 ይመቻል። ከመጀመሪያው በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ያስብ፤ አራት አምስት ቁልፍ ቃል ይጻፍ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን አይጻፍ። ከጻፈ ያነባል። አድማጩ አያቋርጥ፤ በፊቱ ገጽታ ብቻ እየሰማ መሆኑን ያሳይ። ተማሪው ሰዓቱ ሲያጥር ታሪኩን ቆርጦ ለመጣል ሳይሆን ዝምታውን ለመቀነስ ይሞክር፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሌላ አድማጭ ከሌለ? አንድ ለአንድ የምታስጠኑ ከሆነ ሁለተኛውን ዙር ለሞባይል ድምፅ መቅረጫ ያውራ። ሦስተኛውን በድምፅ መልእክት ለጓደኛው ይላክ። ሁሉንም ለእናንተ የሚያወራ ከሆነ ደግሞ በየዙሩ ሌላ ሰው ሁኑ፦ አንድ ጊዜ ቀጣሪ፣ አንድ ጊዜ የድሮ ጓደኛ። እንደ እውነተኛው አዲስ አድማጭ አይሆንም፣ ግን ይሠራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ተማሪው በሦስቱም ዙር ያንኑ ስህተት ከደገመ ስህተቱ አብሮ እየጠነከረ ነው። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አንድ ነገር ብቻ፣ በጣም የተደጋገመውን፣ በአጭሩ አንሱለት። "ያለፈ ታሪክ ነው የምትነግረኝ፣ ግሦቹን ተመልከታቸው" ማለት ይበቃል። ከዚያ ሦስተኛውን ይናገር።

ደረጃ 5፦ ዝም በሉ

ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች። ብዙዎቹ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነበር። ይህ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚናገሩትም በዙ። እነዚያ ልጆች ሳይንስ የሚማሩ ናቸው። በሁለተኛ ቋንቋ ቃል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጠይቃችሁ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ተማሪው መሃል ላይ ሲቆምም ቁጠሩ። ቃሉን አትለግሱት። ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን ባቀበላችሁት ቁጥር ቃሉን ራሱ ፈልጎ የማግኘት ልምምዱን ትወስዱበታላችሁ። እኛ ልምምድ እያደረግን ያለነው ያንኑ ፍለጋ ነው። ዝምታው ለእናንተ ከባድ ነው፤ ለእሱ ግን የሥራ ሰዓት ነው። ፊታችሁ ግን አይጨማደድ፤ ሰዓት አትዩ፣ ስልክ አትንኩ።

በእርግጥ ከቆየ፣ ዓይኑም እናንተን መለመን ከጀመረ፣ ቃሉን ከመስጠት በፊት "በሌላ መንገድ ንገረኝ" በሉት። ቃሉን ሳያውቅ ዙሪያውን መግለጽ ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው። "ቴርሞሜትር" የጠፋበት ሰው "ዘ ቲንግ ዎት ዶክተርስ ዩዝ ቱ ቼክ ዩር ቴምፕሬቸር" ካለ ተግባብቷል። ሰዋስው አልተስተካከለ ይሆናል፤ ንግግሩ ግን አልሞተም።

ደረጃ 6፦ እርማቱን አዘግዩ፣ ግን አትተዉት

ስለ እርማት ሁለት ጽንፍ አለ። አንዱ እያንዳንዱን ስህተት እየያዘ ተማሪውን ያስፈራል። ሌላው "ዋናው መግባባት ነው" ብሎ ምንም አያርምም። ሁለቱም ተማሪውን ይበድላሉ።

አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ለስለስ ያለ መንገድ አለ። ተማሪው "ሺ ዶንት ላይክ ኢት" ሲል እኛ "አሃ፣ ሺ ዳዝንት ላይክ ኢት" ብለን አስተካክለን እንደግመዋለን። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ የፈረንሳይኛ ክፍሎች ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ከመምህራኑ እርማት ከግማሽ በላዩ ይህ ዓይነቱ ነበር። ተማሪዎቹ ከሁሉ ያነሰ ምላሽ የሰጡትም ለዚሁ ዓይነት እርማት ነው። ተማሪው "መምህሩ ተስማማልኝ" ብሎ ያልፈዋል። ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርግ ጥያቄ ይሻላል፦ "ሺ...?" ብሎ ማቆም ወይም "እስቲ ድገመው" ማለት።

በመናገሪያው ሰዓት ግን ይህንንም አታድርጉ። ወረቀት ያዙ። የሰማችሁትን ስህተት እንዳለ ጻፉት። ሲጨርስ ከዝርዝሩ ሦስት ምረጡ። አመራረጣችሁ እንዲህ ይሁን፦ አንደኛ፣ መልእክቱን ያበላሸ ስህተት። ሁለተኛ፣ የተደጋገመ። ሦስተኛ፣ ተምሮት የሚያውቀው። "አይ ዲድንት ዌንት" ብሎ ከሆነ ወረቀቱን አሳዩትና "ይህን አስተካክለው" በሉት። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሰከንድ ያስተካክለዋል። ያ ራሱ ምልክት ነው፤ ሕጉን ያውቀዋል፣ በፍጥነት ሲናገር ነው የሚያመልጠው። ማስተካከያውም ገለጻ መጨመር ሳይሆን ያንኑ ዓረፍተ ነገር በአዲስ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ መናገር ነው።

ከእርማቱ በፊት በደንብ የተናገረውን አንድ ነገር በስሙ ጥሩለት። "ጎበዝ" ብቻ አይበቃም። "'ኢት ቱክ ሚ ኤ ሎንግ ታይም' ያልከው በጣም ደስ ይላል" በሉት። ሐረጉ ይቀመጥለታል።

ደረጃ 7፦ ጆሮና አፍን አብሮ ማሠራት

ይህን አጠር አደርገዋለሁ። ሻዶዊንግ የሚባለው ልምምድ ከአስተርጓሚዎች ሥልጠና የመጣ ነው። ተማሪው ቀረጻ እየሰማ፣ ሳያቋርጥ፣ አንድ አፍታ ወደ ኋላ ብሎ እየተከተለ ጮክ ብሎ ይደግማል። ቀረጻው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። መጀመሪያ ይስማው፣ ጽሑፉን አንብቦ ትርጉሙን ይረዳ። ከዚያ ጽሑፉን እያየ ይከተል፣ በመጨረሻ ሳያይ። በቀን አምስት ደቂቃ ጥሩ ነው። የሚያገኘው ትልቁ ነገር የእንግሊዝኛን ምት ነው፤ የትኛው ቃል ጠንከር ተደርጎ እንደሚነገር፣ "ቱ"፣ "ኦፍ" እና "ፎር" እንዴት ተውጠው እንደሚያልፉ።

አነባበብን በተመለከተ ሰው የራሱን ቃና ይዞ ቢናገር ምንም አይደለም። ትሬሲ ደርዊንግና መሪ ማንሮ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባደረጓቸው ጥናቶች አንድ ተናጋሪ ጠንካራ የውጭ ቃና ኖሮትም ሙሉ በሙሉ ሊረዱት እንደሚቻል አሳይተዋል። "እንደ እንግሊዞች ተናገር" እያላችሁ ሸክም አትጨምሩበት። የሚሠራበት ነገር መግባባትን የሚያደናቅፈው ነው። ለእኛ ተናጋሪዎች ለምሳሌ በቃል መጀመሪያ ተከታትለው ከሚመጡ ተነባቢዎች በፊት ድምፅ የመጨመር ልማድ፣ "እስኩል" እና "እስቶፕ" ማለት፣ እንዲሁም በረጅም ቃል ውስጥ ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል መጥራት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያደናግራል።

ደረጃ 8፦ ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለው

ሒሳቡን አስሉት። 40 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ። አንድ በአንድ እየተነሱ ከተናገሩ፣ እናንተ አንዲት ቃል እንኳ ባትተነፍሱ ለእያንዳንዱ 1 ደቂቃ ይደርሰዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ለ20 ደቂቃ ቢያወሩ ግን እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይናገራል። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ።

ዋናው ነገር ለማውራት ምክንያት መስጠት ነው። "ስለ ጉዞ ተወያዩ" ከተባሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው በአማርኛ ይቀጥላሉ። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው የማያውቀው ነገር ሲኖር ግን መናገር ግድ ይሆናል። ለአንዱ የአንድን ክፍል ሥዕል ስጡት፤ ለሌላው ባዶ ወረቀት። የመጀመሪያው እየነገረው ሁለተኛው ይሳል። ወይም ለሁለቱ የተለያየ የሥራ ቀጠሮ ስጧቸውና ሁለቱም የሚመቻቸውን አንድ ሰዓት ይፈልጉ። 4፣ 3፣ 2ንም በክፍል ማድረግ ይቻላል፦ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ዙሩ ሲያልቅ አንዱ ረድፍ አንድ ወንበር ይሻገር።

ከመናገራቸው በፊት ሐሳባቸውን በአማርኛ ቢያቅዱ አትቆጡ። ሁለት ደቂቃ በአማርኛ አስበው አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ቢናገሩ አትርፋችኋል።

ደረጃ 9፦ ፍርሃቱን በቁም ነገር ያዙት

አንዳንድ ተማሪ ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎለት ዝም ይላል። ኢሌን ሆርዊትዝ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 የቋንቋ ክፍል ፍርሃት ራሱን የቻለ ነገር መሆኑን ጽፈዋል፤ መለኪያም አዘጋጅተውለታል። በሌላው ትምህርት ደፋር የሆነ ሰው እዚህ ላይ ሊሸማቀቅ ይችላል። በገዛ ቋንቋው ብልህና ተጫዋች የሆነ ትልቅ ሰው በእንግሊዝኛ እንደ ሕፃን ሲኮላተፍ ክብሩ ይነካል። እኛ ጋ ይሉኝታም አለ። "እንግሊዝኛ ሊያወራብን ነው" የሚል ዓይን ደግሞ ይጠብቀዋል።

"አትፍራ" ማለት አይሠራም። የሚሠራው አደጋውን መቀነስ ነው። መጀመሪያ ለብቻው ለስልኩ ይናገር። ከዚያ ለአንድ ሰው። ከዚያ ለሦስት። ሁሉም ፊት ቆሞ መናገር መጨረሻ ላይ ይምጣ። በሰው አነጋገር መሳቅ በመጀመሪያው ቀን ይከልከል፤ እናንተም ጭምር አትሳቁ። በዕድሜ የሚበልጧችሁን "እርስዎ" እያላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ልጅ እንደሆኑ አድርጋችሁ አታጨብጭቡላቸው።

ደረጃ 10፦ ሳምንቱን አደራጁ፣ ከዚያ ለኩ

በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል። ከእናንተ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚገናኝ ከሆነ በእነዚያ ቀናት 4፣ 3፣ 2 እና እርማቱ ይሁን። በቀሩት ቀናት አምስት ደቂቃ ሻዶዊንግ፣ አምስት ደቂቃ ሐረግ፣ አሥር ደቂቃ ደግሞ ብቻውን ያውራ። ብቻ ማውራት ነውር አይደለም። የዋለበትን ለስልኩ ይንገር፣ ቀረጻውን ይስማ፣ እንደገና ይንገር። ድምፅ የሚሰሙ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎችም ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ አይሰለቹም፣ ተማሪውም አያፍራቸውም። ግን አዲስ ሰው ፊት መናገርን አይተኩም።

አይኤልቲኤስ ለተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጅ ካለ ይህ ሁሉ በቀጥታ ይጠቅመዋል። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። አራት መመዘኛ አለው፤ አንዱ አቀላጥፎና አያይዞ መናገር ነው። በሁለተኛው ክፍል 1 ደቂቃ አስቦ እስከ 2 ደቂቃ ያወራል። ይህ የ4፣ 3፣ 2 የመጨረሻ ዙር ማለት ነው።

ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በደረጃ 1 ያነሳችሁትን ርዕስ መልሳችሁ ስጡት፤ አንድ ፈጽሞ አዲስ ርዕስም ጨምሩ። ቅረጹ። ከመጀመሪያው ቀረጻ ጋር አብራችሁ አዳምጡ። በደቂቃ የሚናገረው ቃል ጨምሮ በመሃል የሚቆምባቸው ቦታዎች ካልቀነሱ ሐረጎቹ ገና አልተዋሃዱትም፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። በድሮው ርዕስ አቀላጥፎ በአዲሱ ከተንተባተበ የርዕሶቹን ዓይነት አብዙለት። ከእናንተ ጋር ጥሩ ሆኖ ከማያውቀው ሰው ጋር አፉ ከተያዘ ደግሞ ሌላ ልምምድ አትፈልጉለት፤ ሌላ አድማጭ ፈልጉለት፣ እናንተ ከክፍሉ ውጡ።